ስታዲየም የሚለካው ከሣሩ ሥር ባለው 40 ሴንቲ ሜትር ነው

ለንደን ያለው አዲሱ ዌምብሌይ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከፈት 90,000 መቀመጫ፣ 133 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ቅስትና ወደ 800 ሚሊዮን ፓውንድ የተጠጋ ወጪ ነበረው። ሣሩ ግን ከተጫዋቾች ታኬታ ሥር እየተገሸለጠ ይነሣ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ወደ 10 ጊዜ ያህል እየተነቀለ እንደ አዲስ ተነጥፏል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ከፍ ያለው የመቀመጫ ግንብና ጣሪያው ብርሃንና ነፋስ ከለከለው። በዚያ ላይ ኮንሰርቱ፣ የአሜሪካ ፉትቦሉና የመኪና እሽቅድድሙ ተደራረበበት። ሥር ሳይሰድ ጨዋታ የሚደረግበት አዲስ ንጣፍ ሣር ደግሞ ተጫዋች ዞር ባለ ቁጥር እንደ ምንጣፍ ይሸበሸባል። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ቦታ በሣር እንዲህ ከተቸገረ፣ ሜዳ ከሲሚንቶውና ከብረቱ ተለይቶ ገና በንድፉ ጊዜ የራሱ ባለሙያ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ፍተሻ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ስታዲየም ሲሠራ ግን ሜዳው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ካለቀ በኋላ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

የሕንፃው ጥላ

ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚመረጠው የሜዳ ልክ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ስታዲየም በተቻለ መጠን ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲዘረጋ ይደረጋል፤ ወደ ምዕራብ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ የአንዱን በረኛ ዓይን እንዳትወጋ። አቀማመጡ ለሰው ዓይን ይህን ያህል ከታሰበበት፣ ለሣሩም ሊታሰብ ይገባል።

በሜዳው ደቡብ ጫፍ 40 ሜትር ከፍታ ያለው የተመልካች መቀመጫ ቆሟል እንበል። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ51.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በታኅሣሥ ወቅት ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ ከፍ የምትለው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የዚያ ግንብ ጥላ 148 ሜትር ይረዝማል። ጣሪያው እስከ ሜዳው ጠርዝ ከተዘረጋ 105 ሜትሩ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ቀትር ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ አንድ ቅጠል አይኖርም። ይኸው ግንብ አዲስ አበባ ላይ ቢቆምስ? አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚያው ቀን ፀሐይዋ ቀትር ላይ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ጥላውም 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች በክረምት ጎማ ያላቸው ረጃጅም የመብራት ፍሬሞችን ሜዳው ላይ እየገፉ ሌሊቱን ሲያበሩ የሚያድሩት ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ከባድ ነው፤ መብራቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይፈልጋል፤ ከአሸዋው በታች ቱቦ ዘርግተው ሙቅ ውሃ የሚያዞሩም አሉ። እኛ ይህን ሁሉ ፀሐይ በነፃ እናገኘዋለን። ስለ ሀገራችን ሜዳዎች በቁጭት ስናወራ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ብርሃን ዋነኛ ችግራችን አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ከብዶ እድገቱ ቢቀንስም፣ ያኔም ቢሆን ሣሩን የሚገድለው ከላይ የጎደለው ብርሃን ሳይሆን ከታች መሄጃ ያጣው ውሃ ነው።

ከብርሃን ቀጥሎ ነፋስ አለ። አራቱም ማዕዘን በግንብ ከተዘጋ እርጥበት ሣሩ ላይ ተኝቶ ያድራል፤ የፈንገስ በሽታም ይከተላል። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ማዕዘኖቹን ወይም የመቀመጫውን ግርጌ ለነፋስ ክፍት ያደርጋል፤ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ያለውን የጣሪያ ክፍልም ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ይሸፍናል። ይህ በወረቀት ላይ ሲታሰብ ዋጋው ትንሽ ነው። ግንቡ ከቆመ በኋላ ግን የሚተካው ትልልቅ ማራገቢያ በመግዛት ነው።

ከላይ ወደ ታች

ጥሩ የእግር ኳስ ሜዳ በእርሻ አፈር ላይ የበቀለ ሣር አይደለም። ብዙው ክፍሉ አሸዋ ነው። በስፋት የሚሠራበት አሠራር ከታች ሲጀመር እንዲህ ይመስላል፦ መጀመሪያ ተስተካክሎ በሮሎ የተጠቀጠቀ መሬት። በእሱ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ቀዳዳ ያለው 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ5 ሜትሩ ይቀበራል። ከላዩ 10 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር ይለብሳል። ከጠጠሩ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ብዙ ጊዜ ወደ 10 በመቶ ገደማ የበሰበሰ ብስባሽ የተቀላቀለበት፣ ይመጣል። ሣሩ የሚተከለው በዚህ ላይ ነው። 10 እና 30 ሲደመር 40 ሴንቲ ሜትር፤ የሜዳው ሕይወት ያለው በዚህ ውስጥ ነው።

ከመስመሩ ውጭ ያለውን የመሯሯጫ ጠርዝ ጨምረን 115 በ78 ሜትር እንውሰድ፤ 8,970 ካሬ ሜትር ይሆናል። አሸዋው ወደ 2,700 ሜትር ኩብ፣ ጠጠሩ ወደ 900 ሜትር ኩብ፣ ቱቦው ወደ 1,800 ሜትር ይደርሳል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሲታሰብ አሸዋው ብቻ 168 ቢያጆ፣ ጠጠሩ ደግሞ 56 ቢያጆ ነው። እነዚህ ሁሉ መኪኖች በአንድ መውጫና መግቢያ ሲመላለሱ የተስተካከለውን መሬት እንደገና ያጎደጉዱታል፤ ቱቦውንም ይጨፈልቁታል። መኪናው ሁልጊዜ በተነጠፈው አሸዋ ላይ እንጂ ቱቦና ጠጠር ባለበት ላይ መንዳት የለበትም። አሸዋ ከጠርዝ ጀምሮ ወደፊት እየተገፋ የሚነጠፈው ለዚህ ነው።

አሸዋ ስል ማንኛውንም አሸዋ ማለቴ አይደለም። ከቅንጣቶቹ ቢያንስ 60 በመቶው ከሩብ ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ደለል ከ5 በመቶ፣ ሸክላ አፈር ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ግንበኛ የሚወደው አሸዋ ቅንጣቱ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተቀላቀለ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚጠነክር ነው። ለሜዳ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ መጠኑ የተቀራረበ፣ በመካከሉ ለአየርና ለውሃ ክፍተት የሚተው። የኮንክሪት አሸዋ ለሜዳ ይሆናል ብሎ ማዘዝ በሀገራችን በጣም የተለመደው ስህተት ይመስለኛል። ጠጠሩም እንዲሁ ከአሸዋው ጋር መመጣጠን አለበት። በገበያ ስሙ ከ«ዜሮ ሁለት» ያነሰ፣ ወደ «ዜሮ አንድ» የሚጠጋ ደቃቅ ጠጠር ነው የሚያስፈልገው፤ አለበለዚያ አሸዋው በጠጠሩ ክፍተት እየሾለከ ቱቦውን ይሞላል።

አሸዋ ከሆነ ውሃው ወዲያው ፈስሶ አያልቅም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ኩሽና ውስጥ ማየት ይቻላል። አንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አጥግባችሁ በመዳፋችሁ ላይ ጠፍጣፋውን አስቀምጡት። ትንሽ ይንጠባጠብና ያቆማል። አሁን በጠርዙ አቁሙት፤ እንደገና መፍሰስ ይጀምራል። ውሃው ያልጨመረ፣ ስፖንጁም ያልተለወጠ ሲሆን የተለወጠው ከፍታው ነው። ደቃቅ አሸዋ ትልልቅ ክፍተት ባለው ጠጠር ላይ ሲተኛም ውሃው ወደ ጠጠሩ ወዲያው አይወርድም፤ በአሸዋው ግርጌ ተይዞ ይቆያል። ብዛት ሲያገኝና ክብደቱ ሲያሸንፍ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ያው ሜዳ በዝናብ ቀን ያፈስሳል፣ በፀሐይ ቀን ያጠጣል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚለው ልክ የመጣውም ከዚህ ነው። አሸዋው ከቀጠነ እላዩ ረግረግ ይሆናል፤ ከወፈረ ሣሩ ይጠማል። ስለዚህ የአሸዋው ውፍረት በየቦታው እኩል መሆን አለበት፤ በአንዱ በኩል 20፣ በሌላው 40 ሆኖ የተነጠፈ ሜዳ ከላይ በውሃ ልክ ቢስተካከልም አንዱ ጎኑ ጭቃ፣ ሌላው ጎኑ ቡናማ ሆኖ ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጠጠሩና በአሸዋው መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ውሃ የሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ማልበስ ብልህነት ይመስላል። ሆኖም በጊዜ ብዛት ደቃቁ ደለል ጨርቁ ላይ ተሰብስቦ ይደፍነዋል፤ ያኔ ሜዳው ግርጌው እንደተዘጋ ገንዳ ይሆናል። ጨርቁ ከጠጠሩ በታች፣ ከመሬቱ በላይ ሊገባ ይችላል፤ በተለይ ከሥር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ካለ። ከጠጠሩ በላይ ግን አይገባም።

ሣሩ ራሱ

ቀዝቃዛ ሀገር ላይ የሚዘራው በአብዛኛው ራይግራስ የሚባለው ነው፤ በሳምንት ጊዜ ይበቅላል፤ ሲቀደድ ግን ከጎን ተስቦ ክፍተቱን አይሞላም፤ እንደገና መዝራት ነው። ሙቀት ባለበት የሚመረጠው እኛ ሰርዶ የምንለው ዘር ነው። ሰርዶ በምድር ላይና ከምድር በታች እየተሳበ ሥር ስለሚሰድ የተቀደደ ቦታን ራሱ ይሸፍናል፤ ዓለም አቀፍ ስታዲየሞች የሚጠቀሙበት የተሻሻለው ዓይነትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሰርዶ ግን ጥላ አይወድም፤ ብርድ ሲበረታም ይተኛል። ለደጋው ደግሞ ኪኩዩ የሚባለው ሣር አለ፤ የትውልድ ስፍራው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፣ የእኛንም ጨምሮ። ደቡብ አፍሪካ በ2010 የዓለም ዋንጫ ሜዳዎቿ ላይ ተጠቅማበታለች። በርቀት ከሚታዘዝ ዘር በፊት በሀገር ያለውን መመርመር ያዋጣል።

ብዙ ሜዳ የሚበላሸው በመትከሉ ቀን ነው። ስንት የተደከመበት አሸዋ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ በቀይ አፈር ላይ የበቀለ ንጣፍ ሣር ከነአፈሩ ተቆርጦ ይመጣና ይለበስበታል። ከሥሩ የመጣው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሸክላ አፈር ከታች ያለውን ሁሉ ይደፍነዋል። ዝናብ ሲጥል ውሃው በዚያ ስስ ሽፋን ላይ ይቆማል፤ ሰው ግን ቱቦውን ይወቅሳል። ንጣፉ ወይ በአሸዋ ላይ የበቀለ መሆን አለበት፣ ወይ ሥሩ ታጥቦ መምጣት አለበት፣ ወይ ደግሞ የሰርዶ ሐረግ ተቆራርጦ በቀጥታ አሸዋው ላይ መተከል አለበት። የመጨረሻው ጊዜ ይወስዳል እንጂ ርካሽም አስተማማኝም ነው።

ሜዳው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ በሹል አካፋ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁራጭ አውጥቶ በጎኑ ማየት ነው። ነጭ ሥር እስከ ታች ከወረደና አሸዋው በእጅ ሲነካ ፈርከስ ካለ ጥሩ ነው። ሥሩ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ከታጠፈ፣ እዚያ ላይ የጠጠረ ነገር አለ። ጥቁር መስመር ከታየና የተበላሸ ዕንቁላል ከሸተተ፣ አየር ጠፍቷል፤ ውሃ ከቆየበት ቦታ ሥሩ ታፍኖ እየሞተ ነው። የላይኛው ክፍል እንደ ስፖንጅ የሚጫን ቡናማ ጨርቅ ከመሰለ ደግሞ የሞተ ሣር ተከማችቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከላይ አረንጓዴ በሆነ ሜዳ ሥር ሊኖር ይችላል።

መስፋትና ማንሸራተት

ዌምብሌይን በመጨረሻ ያዳነው ድቅል ሣር፣ ማለትም በፕላስቲክ ክር የተጠናከረ የተፈጥሮ ሣር ነው። የሚሠራውም እንዲህ ነው። የተፈጥሮ ሣሩ አድጎ እያለ አንድ ማሽን የፕላስቲክ ክር በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አሸዋው ይሰፋል። በካሬ ሜትር 2,500 ስፌት ነው፤ በ7,140 ካሬ ሜትር ወደ 18 ሚሊዮን ይደርሳል። ከላይ የሚታየው ክር ከሣሩ ጋር ሲተያይ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ኳሱም ተጫዋቹም የሚነካው የተፈጥሮ ሣር ነው። የሣሩ ሥር ግን በክሮቹ ላይ ይጠመጠማል፤ ታኬታ ሲጎትተው አሸዋው ተያይዞ ይቆማል። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኔልስፕሩቱ ምቦምቤላና የፖሎክዋኔው ፒተር ሞካባ ስታዲየሞችም በዚሁ ዘዴ ተሠርተዋል።

ድቅል ሣር ተደርጎ ይረሳል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ የላይኛው የተፈጥሮ ሣርና የሞተው ክምችት በማሽን ተልጦ ይነሣል፤ ክሩ ብቻ ቆሞ ይቀራል፤ አሸዋ ይረጫል፤ እንደገና ይዘራል። ይህን ዓመታዊ ልጠት ያልበጀተ ክለብ ድቅል ሣር ባይገዛ ይሻለዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክሩ በሞተ ሣር ተቀብሮ ሜዳው የሚያንሸራትት ይሆናል።

ቶተንሃም ሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 የተከፈተው 62,850 ሰው የሚይዘው ስታዲየም የሣር ሜዳው በሦስት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ3,000 ቶን በላይ እየመዘነ፣ በደቡቡ መቀመጫ ሥር ይንሸራተታል። ሥራው 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከሥሩ ለአሜሪካ ፉትቦልና ለኮንሰርት የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ሜዳ አለ። የሪያል ማድሪዱ ሳንቲያጎ በርናቤው ሜዳውን በስድስት ረጃጅም ሰሌዳዎች ከፍሎ ከመሬት በታች ወዳለ ጥልቅ ጉድጓድ ያወርደዋል፤ እዚያም መብራትና ውሃ ያገኛል። ይህ ሁሉ ብረትና ሞተር የሚከፈለው ሜዳው በዓመት ከ25 ወይም 30 ጨዋታ ውጭ ባሉት ቀናት ሕንፃው ገንዘብ እንዲያመጣ ነው። ኮንሰርቱ ያን ያህል በማይበዛበት ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ገንዘብ መቅበር ነው።

ሰው ሠራሽ ሣርስ? ለልምምድና ቀኑን ሙሉ ልጆች ለሚጫወቱበት ሜዳ ትልቅ ጥቅም አለው። ግን በጠራራ ፀሐይ ገጽታው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ በክሮቹ መካከል የሚሞላው የጎማ ፍርፋሪ እየተነሣ ያልቃል፤ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ሙሉ ንጣፉ ይቀየራል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያለውን ፍርፋሪ በሽግግር ጊዜ የሚያስቀር ደንብ አውጥቷል። የ2026ቱን የዓለም ዋንጫ ያስተናግዱ ዘንድ ከተመረጡት 16 ስታዲየሞች እንደ አትላንታ፣ ሲያትልና ዳላስ ያሉት፣ ብዙ ሀበሻ በሚኖርባቸው ከተሞች ያሉት ማለት ነው፣ መደበኛ ሜዳቸው ሰው ሠራሽ ነው። ፊፋ ለውድድሩ የጠየቀው ግን የተፈጥሮ ሣር ነው።

ካታንጋም ያያል፣ ጥላ ፎቅም ያያል

ወደ መቀመጫው እንምጣ። የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሁሉ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼና ጥላ ፎቅ የሚባሉትን የመቀመጫ ክፍሎች ያውቃል። ንድፍ አውጪ ግን ስለ እያንዳንዱ ወንበር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የዓይኑ መስመር ከፊቱ ካለው ሰው ዓይን በላይ በስንት ሚሊ ሜትር ያልፋል? 60 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ 90 ጥሩ፣ 120 በጣም ጥሩ። ከጎን መስመሩ 30 ሜትር ርቆ፣ ዓይኑ ከሜዳው 12 ሜትር ከፍ ያለ ተመልካች እናስብ። ከኋላው ያለው 80 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ተቀምጧል። እርከኑ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ልዩነቱ 127 ሚሊ ሜትር ይወጣል። እርከኑን ወደ 40 ዝቅ ብናደርገው 78 ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ቢበልጥም ጥሩ ከሚባለው 90 በታች ነው። ኮንክሪት ለመቆጠብ የተቀነሰ 5 ሴንቲ ሜትር በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎሉን ቆሞ እንዲያይ ሊያስገድድ ይችላል፤ አንዱ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ይቆማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሩጫ መም ነው። አትሌቲክስ የምንወድ ሕዝብ ስለሆንን ስታዲየሞቻችን በአብዛኛው መም አላቸው፤ ይህም የሚከበር ምክንያት ነው። ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። 400 ሜትር መም ሁለት 84.39 ሜትር ቀጥታና 36.5 ሜትር ራዲየስ ያላቸው ሁለት ኩርባዎች አሉት፤ 8 መስመሩ 9.76 ሜትር ይወስዳል። 105 ሜትሩን ሜዳ በውስጡ ስናስቀምጥ፣ ከጎሉ መስመር እስከ መሙ ውጫዊ ጠርዝ 36 ሜትር ያህል ይሆናል። ከጎል ጀርባ የሚቀመጠው ተመልካች ቢያንስ ያን ያህል ይርቃል። በቶተንሃም የቅርቡ ወንበር ከመስመሩ 5 ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። የማዕዘን ባንዲራው ደግሞ ከመሙ ውስጣዊ ጠርዝ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ ኮርና የሚመታ ተጫዋች መንደርደሪያው መሙ ላይ ይሆናል።

መውጫውም በዓይን ግምት አይሠራም። በእንግሊዝ መመሪያ በጠፍጣፋ መንገድ 1 ሜትር ስፋት ባለው መውጫ በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ 66 ሰው ያልፋል ተብሎ ይታሰባል፤ ተመልካቹ ከ8 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ከመቀመጫው ወጥቶ ወደ ነፃ መንገድ መድረስ አለበት። ለ60,000 ሰው ሲሰላ በጠቅላላው 92 ሜትር ያህል የመውጫ ስፋት ያስፈልጋል፤ በደረጃ ከሆነ ይጨምራል። ይህ ስሌት የሚሠራው በሩ ሁሉ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2022 በካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ በሚገኘው ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል

ስታዲየምን የሚያወዳድሩ ሰዎች ጠቅላላውን ወጪ ለመቀመጫ ብዛት ያካፍላሉ። የሙኒኩ አሊያንዝ አሬና እ.ኤ.አ. በ2005 በ340 ሚሊዮን ዩሮ፣ ያኔ ለ66,000 ተመልካች ያህል፤ በወንበር ወደ 5,150 ዩሮ። የአርሰናሉ ኤሚሬትስ በ2006 በ390 ሚሊዮን ፓውንድ ለ60,000 ያህል፤ በወንበር ወደ 6,500 ፓውንድ። ዌምብሌይ ወደ 8,900 ፓውንድ። ቶተንሃም 1 ቢሊዮን ፓውንድ ነው ቢባል በወንበር 15,900። በመካከል ያለው የዋጋ ንረት ባይረሳም፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው ወንበሩ አይደለም፤ ያለ ምሰሶ የሚዘረጋ ጣሪያ፣ ከመሬት በታች ያለ ሥራ፣ ኩሽናና የእንግዳ ሳሎን፣ መብራትና የመረጃ መስመር ነው። የማይንቀሳቀስ የሣር ሜዳ ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ጥቂት ከመቶ ነው። ሥራ ተቋራጩ በጀት ሲጠብበት መጀመሪያ የሚቀንሰው ግን እሱን ነው፤ ስለማይታይ።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነካል። የአዲስ አበባ ስታዲየም እ.ኤ.አ. የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዶ ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሣችበት ቦታ ነው፤ በ1968 እና በ1976 ደግሞ እንደገና አስተናግዷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ማድረግ ጀመረ። ጋናን በኦርላንዶ ስታዲየም ጆሃንስበርግ፣ ግብፅን ሰኔ 2014 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ተቀበለ። 2 ለ 0 ያሸነፈበትን ያን የግብፅ ጨዋታ ከካታንጋ ሊያይ የሚገባው ሕዝብ በቴሌቪዥን አየው። ይህ ያማል። መስፈርቱ የሚጠይቀው መልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ መብራት፣ ነጠላ ወንበርና የመግቢያ ቁጥጥር ብዙ ቢሊዮን ብር ሊፈጅ ይችላል። ሜዳውን ማስተካከል ግን አደይ አበባን የሚያህል ከ60,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

ሜዳ የሚደክመው በምንድን ነው

ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበት አሠራር ተለምዷል። ለቴሌቪዥን ስርጭቱና ለጉዞ ወጪው ጥቅም አለው። ሣሩ ግን በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ጨዋታ ያለ ዕረፍት ይሸከማል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው የጎሉ አፍ፣ ከዚያ የመሐል ክቡ፣ ከዚያ ረዳት ዳኛው የሚመላለስበት ጠርዝ ነው። በረኞች ማሟሟቂያቸውን ተንቀሳቃሽ ጎል ይዘው ከሜዳው ውጭ እንዲያደርጉ ማድረግ ብቻውን የጎሉን አፍ ዕድሜ ያራዝማል። ከጨዋታ በኋላ የተነሣውን ሣር በእርሻ ሹካ ወደ ቦታው መመለስ፣ በእግር መጫን፣ ጉድጓዱን ከሜዳው ጋር በሚመሳሰል አሸዋ መሙላት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በማግስቱ ግን አይሠራም፣ የተነቀለው ሣር ደርቋል።

ማጨጃው ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ መቁረጥ የለበትም። በአውሮፓ ውድድሮች ሣሩ ከ30 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሣሩ 60 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ተትቶ በጨዋታው ዋዜማ ወደ 25 ሲወርድ ቢጫ ግንዱ ብቻ ይቀራል፤ ያን ቀን በቴሌቪዥን የታየው «የደረቀ ሜዳ» ውሃ የጎደለው ሳይሆን በስህተት የታጨደ ሊሆን ይችላል። በበጋ ቀን በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ከሜዳው ይተናል ብንል፣ ለ8,970 ካሬ ሜትር 45,000 ሊትር ያህል ነው። ማታ ማታ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በ2 ወይም 3 ቀን አንዴ አጥግቦ፣ በማለዳ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስባል። አሸዋ ማዳበሪያ አይዝም፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። በካሬ ሜትር 3 ግራም ናይትሮጅን ለመስጠት ለጠቅላላው ሜዳ 60 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይበቃል፤ ከዚያም ወዲያው ውሃ መከተል አለበት፣ አለበለዚያ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ሜዳ ከተቋራጭ የሚረከብ የክለብ ወይም የከተማ ስፖርት ቢሮ ሰው ሁለት ፈተና ሳያደርግ መፈረም የለበትም። የመጀመሪያው ሣሩ ከመተከሉ በፊት፣ አሸዋው ገና ክምር እያለ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን በአሸዋ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ሁለት ደቂቃ አጥብቃችሁ ናጡና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ከላዩ ይሠራል፤ ውሃው በማግስቱም ከደፈረሰ ሸክላ አፈር አለበት። በ10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የበለጠ ደለል ካያችሁ ያ አሸዋ ሳይታጠብ አይነጠፍ፤ ካለፈም ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ በወንፊት ይመርመር። ከየመኪናው ናሙና ይወሰድ፤ የመጀመሪያው ቢያጆ ጥሩ ስለሆነ መቶኛውም ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሣሩ ከያዘ በኋላ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቱቦ ቁራጭ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሜዳው ይመታል፤ በዙሪያው ያለው ቦታ በደንብ ይርሳል፤ ከዚያ ቱቦው በውሃ ይሞላና በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ይለካል። አዲስ ሜዳ በሰዓት ከ150 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። መለካት ያለበት በመሐል ሜዳ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጎል አፍና በአራቱም ማዕዘን ነው። ውጤቱ ከነቀኑ ተጽፎ ይቀመጥ፤ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት በዚያው ቦታ እንደገና ይለካ፤ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ሹካና አሸዋ ይዞ የሚገባበት ጊዜ ደርሷል።